አዞ በምን ይሰማል?

ወደ አርባ ምንጭ የሄደ እንግዳ በጀልባ ተሳፍሮ በጫሞ ሐይቅ «አዞ ገበያ» የተባለውን ስፍራ ሳያይ መመለስ አይወድም። በዚያም ግዙፉ አውሬ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ሲሞቅ ያየዋል፤ ጆሮውን ግን ፈልጎ ያጣዋል። ስለዚህ አዞን ደንቆሮ ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአዞ ጆሮ ከዓይኑ ኋላ በቆዳ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል፤ አውሬው ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ክዳኑ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ጆሮ በር ብቻ ነው፤ በበሩ የገባውን ለይቶ የሚያውቀው አንጎል ነው። ድምፅ ከቀኝ የመጣ እንደ ሆነ ከግራው ይልቅ የቀኙን ጆሮ ቀድሞ ይነካል። ከዓይን ቅጽበት እጅግ ያነሰውን ይህን ልዩነት የአንጎሉ ሕዋሳት አመዛዝነው ድምፁ ከወዴት እንደ መጣ ያስታውቁታል።

በጀርመን አገር የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጫሞው አዞ ጋር አንድ ዘር የሆኑትን ወጣት የናይል አዞዎች ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ አስገብተው፣ አንድ ጊዜ ተራ ድምፅ፣ አንድ ጊዜም የባኽን ሙዚቃ አሰሟቸው። በ2010 ዓ. ም. በወጣው ጥናታቸው እንደ ገለጹት፣ ሙዚቃው ሲሰማ በተራው ድምፅ ጊዜ ያልተነሡ የአንጎል ክፍሎች ጭምር ሥራ ጀመሩ። ይህም በወፎችና በአጥቢ እንስሳት ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። ደግሞስ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት መካከል የአዞ የቅርብ ዘመድ እንሽላሊት ሳይሆን ወፍ አይደለምን?

ከሁሉ የሚያስደንቀው የእናቲቱ ነገር ነው። ዕንቁላሏን በአሸዋ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ገና ከቅርፊቱ ሳይወጡ ይጮኻሉ። ሁለት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጩኸት ቀድተው ለእናቶቹ ቢያሰሙ፣ እናቶቹ አሸዋውን ይቆፍሩ ጀመር፤ ለሌላ ድምፅ ግን ይህን ያህል ትጋት አላሳዩም። ይህ በ2000 ዓ. ም. ታትሟል።

ይህ ዕውቀት በጫሞ ዳር ለጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። ዓሣ አጥማጁ ከአዞ ጋር አንድ ውሃ ይጋራል፤ በአዞ የተነጠቀ ሰው ወሬም በዚያ አገር እንግዳ አይደለም። ዕንቁላል ወዳለበት አሸዋ የቀረበ ሰው በምትጠብቅ እናት ላይ ይደርሳል። በሌላ ወገን ዳርቻው በሰውና በከብት የተጨናነቀ እንደ ሆነ እናቲቱ ትሸሻለች፤ ጥሪውን የሚሰማ ከሌለም ጫጩቶቹ እንደ ተቀበሩ ሊቀሩ ይችላሉ። እንግዲህ በመፈልፈያው ወራት ከአሸዋው መራቅ ሰውንም አዞንም ያድናል።

እኛም ከዚህች እናት የምንማረው አለ። ክዳን ያላት እርሷ ጥሪውን ስትሰማ፣ ክዳን የሌለን እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አይገባንም።