ለአክሶሎትል የሚስማማ የታሸገ መኖ

አክሶሎትል የትውልድ ቦታው በሜክሲኮ ሲቲ ደቡብ የሚገኘው የሾቺሚልኮ ሐይቅና ቦዮቹ የሆነ፣ ከሳላማንደር ወገን የሚመደብ የውኃ እንስሳ ነው። ሳላማንደር የሚባሉት እንሽላሊት ቢመስሉም ቆዳቸው ቅርፊት አልባና ርጥብ የሆነ፣ በዝምድናም ወደ እንቁራሪት የሚቀርቡ እንስሳት ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የእጭነት ዕድሜያቸውን በውኃ ውስጥ ፈጽመው ወደ የብስ ይወጣሉ፤ አክሶሎትል ግን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተዘረጉትን ስንጥቦቹን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚተነፍስባቸውን አካላት፣ እንደያዘ አድጎ፣ ተራብቶ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ1864 ከሜክሲኮ ወደ ፓሪስ ከተላኩት 34 አክሶሎትሎች ስድስቱ በተመራማሪው ኦጉስት ዱሜሪል እጅ ከተባዙ ወዲህ፣ እንስሳው በቤተ ሙከራና በመኖሪያ ቤት ሲረባ ኖሯል። በትውልድ ቦታው ሊጠፋ የተቃረበው ይህ ፍጥረት ዛሬ በብዛት የሚገኘው በሰው እጅ በመሆኑ፣ የሚመገበውን የመምረጡ ኃላፊነት በአሳዳጊው ላይ ወድቋል።

የመኖ ምርጫ መነሻ የእንስሳው አበላል ነው። አክሶሎትል አፉን በድንገት ሲከፍት ውኃው ከነምግቡ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ጥርሶቹም ደቃቅ ከመሆናቸው የተነሣ ለማኘክ ስለማያገለግሉ ያገኘውን እንዳለ ይውጣል። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተትና በውኃው እንቅስቃሴ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለውም በገንዳው ወለል ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ የሚስማማው የታሸገ መኖ፣ ማለትም እንክብል፣ ወደ ወለል የሚሰምጥ፣ በውኃ ሲርስ የሚለሰልስ፣ ቶሎ የማይበተንና በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ርቀት ያልሰፋ ሊሆን ይገባዋል። በወለሉ ላይ ጠጠር ካለ እንስሳው ከምግቡ ጋር ስቦ ሊውጠውና አንጀቱ ሊዘጋ ስለሚችል፣ እንክብሉን በሳሕን ማቅረብ ወይም ጠጠሩን ጨርሶ ማስወገድ ያስፈልጋል።

ይህን መስፈርት በሚገባ የሚያሟላው መጀመሪያ ለአክሶሎትል ያልታሰበ መኖ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ አክሶሎትልን ለምርምር የሚያረቡ ተቋማት ለሳልሞን ዓሣ ማርቢያ የሚዘጋጀውን ለስላሳ እንክብል ሲጠቀሙ ኖረዋል። ሳልሞንም እንደ አክሶሎትል ሥጋ በል በመሆኑ መኖው በዋነኛነት ከዓሣ ዱቄትና ከዓሣ ዘይት ይሠራል፤ በአንጻሩ እህል የበዛበት መኖ ለሥጋ በል አንጀት አይስማማም። ስለዚህ ገዢው ከማሸጊያው ሥዕል ይልቅ የይዘት ዝርዝሩን ይመልከት፤ ይዘቶች ብዙውን ጊዜ ከሚበዛው ጀምረው ስለሚዘረዘሩ፣ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ዓሣ ወይም ትል ከሆነ መኖው መልካም ነው፣ ስንዴ ወይም በቆሎ ከሆነ ግን ይቅር። የዓሣ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ስለሚበላሽ፣ ከትልቅ ከረጢት ይልቅ ቶሎ የሚያልቅ ትንሽ እሽግ ገዝቶ በቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ይሻላል።

በበረዶ የተያዘ የትንኝ እጭ በማደግ ላይ ላሉት መልካም ቢሆንም ለጎልማሳው ብቻውን አይበቃም፤ የደረቀው ደግሞ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል። ገና የተፈለፈሉ ልጆች የሚንቀሳቀስ ነገር ካላዩ ስለማይበሉ እንክብል አይጠቅማቸውም፤ ለእነርሱ ከእንቁላሉ በቅርቡ የወጣ የጨው ውኃ ሽሪምፕ ይቀርብላቸዋል። ጎልማሳውን በተመለከተ፣ ከማናቸውም የታሸገ መኖ የምድር ትል ይበልጣል፤ እንክብል የትሉ ረዳት ሆኖ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከሚሰጠው ምግብ ከፊሉን ሊተካ ይችላል። ያልተበላ እንክብል ሲበሰብስ ስንጥብን የሚመርዝ አሞኒያ ስለሚያወጣ በዚያው ቀን ከገንዳው መነሣት አለበት።

ትል የለመደ አክሶሎትል እንክብልን መጀመሪያ ላይ እንቢ ማለቱ የተለመደ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ለጥቂት ቀናት ሳይበላ መቆየቱ አይጎዳውምና፣ አሳዳጊው ሳይቸኩል እንክብሉን በመቆንጠጫ ይዞ በአፍንጫው ፊት ቀስ እያለ ያንቀሳቅስለት።