ከአጥር የወጣ ቦንሳይ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም ግቢ የሚገኘው የቦንሳይና የፔንጂንግ ሙዚየም በ2026 ኃምሳ ዓመት ይሞላዋል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦንሳይ በማሰሮ እየተገራ የሚያድግ ትንሽ ዛፍ ነው፤ ፔንጂንግ ደግሞ የቻይናው አቻው። ሙዚየሙ የተጀመረው የአሜሪካ ነጻነት 200ኛ ዓመት ሲከበር ከጃፓን በስጦታ በመጡ 53 ዛፎች ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲገራ የኖረው የያማኪ ቤተሰብ ነጭ ፓይን፣ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከቦታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር፤ ተረፈ። ሙዚየሙ ራሱ ይህን ታሪክ ያወቀው በ2001 የቤተሰቡ ልጆች ዛፉን ሊያዩ በመጡ ጊዜ ነው። በ1984 ደግሞ የቦንሳይ ባለሙያው ጆን ናካ፣ ጎሺን የተሰኘውን ከ11 ጥዶች የተሠራ ትንሽ ደን ለሙዚየሙ አበረከተ። በዓሉ ሲነሣ ስማቸው የሚጠራው እነዚህ ዛፎች ናቸው፤ መጠራታቸውም ተገቢ ነው።

ዝናቸው ግን አንድ ጉዳት አለው። ቦንሳይን የአራት መቶ ዓመት ርስትና የባለጸጋ ሀብት ብቻ አስመስሎታል። ዛፍ መግራት የሚማር ሰው እጁን የሚያፍታታው እንዲህ ባለ ውድ ዛፍ ላይ አይደለም። ተሳስቶ የሚቆርጠው፣ ደግሞ የሚያበቅለው፣ እንደገና የሚቆርጠው ዛፍ ያስፈልገዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን የመማሪያነት ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረው ፕሪቬት የሚባለው ተራ የአጥር ቁጥቋጦ ነው። እኔ ከሙዚየሙ ዛፎች ይልቅ ስለ እርሱ መጻፍን መርጫለሁ።

ፕሪቬት፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ሊገስትረም፣ የወይራ ወገን ነው፤ የእኛው ወይራና ጠምበለልም ዘመዶቹ ናቸው። ወይራነቱ በፍሬው ይታወቃል፤ በመጸው የሚጠቁረው ድቡልቡል ፍሬው የወይራ ታናሽ ይመስላል። ነገር ግን ለሰው መርዝ ነውና አይቀመስም። ዝርያዎቹ ወደ 50 ይጠጋሉ። ለቦንሳይ ሠሪ ቁም ነገር ያላቸው ሦስቱ ናቸው፦ ከጃፓን የመጣው የአጥር ፕሪቬት ኦቫሊፎሊየም፣ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነው የቻይናው ሲኔንሴ፣ በአውሮፓ ጫካ የሚበቅለው ቩልጋሬ። ቅጠለ ሰፊዎቹ ሉሲደምና ጃፖኒከም ለትንሽ ዛፍ እምብዛም አይመቹም። ሉሲደም በቻይና ነጭ ሰም የምታመርት ነፍሳት የምትረባበት ዛፍ ስለሆነ ለብቻው ሊጻፍለት የሚገባ ታሪክ አለው፤ ከዚህ ዳሰሳ ግን ውጭ ነው።

ኦቫሊፎሊየም በእንግሊዝ ከተሞች የተንሰራፋው የከሰል ጭስ ስለማይበግረው ነው። ሌላው ቁጥቋጦ በጥቀርሻ ሲጠወልግ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥል ስለነበር በየመኖሪያ ቤቱ ፊት አጥር ሆኖ ተተከለ። ለቦንሳይ ሠሪው ይህ እንደ ውርስ ነው። በየዓመቱ ሲከረከም ለአሥርት ዓመታት የኖረ ቁጥቋጦ ወደ ላይ እንዳያድግ ስለሚከለከል ግንዱ ወደ ጎን ይወፍራል፤ ከመሬት ጥግ ጀምሮ ያብጣል፣ ይጎረብጣል። በችግኝ ጣቢያ ማሰሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ግንድ ለማግኘት የሰው ዕድሜ ይጠይቃል። አጥር ነቅሎ መኪና ማቆሚያ የሚሠራ ጎረቤት ግን ግንዱን በነጻ፣ እንዲያውም ከምስጋና ጋር ይሰጣል።

አነቃቀሉ የሚያስደነግጥ ነው። ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ እምቡጡ ሳይፈታ፣ ግንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ በመጋዝ ይቆረጣል። ወደ ታች የሚወርደው ወፍራም ሥር ይወገድና በዙሪያው ያለው ብቻ አጥሮ ይቀራል። ከዚህ በኋላ በእጅ የሚቀረው አንዲት ቅጠል የሌላት ጉቶ ናት። በሳምንታት ውስጥ ግን ሞቷል ከሚሉት ቅርፊት ላይ ቀንበጥ በየአቅጣጫው ይፈነዳል። ያረጀ ቡና በጉንደላ ሲታደስ ያየ ገበሬ ይህ አይደንቀውም፤ ፕሪቬት የሚለየው ከላይም ከሥርም በአንድ ቀን ተጎንድሎ መነሣት መቻሉ ነው። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር፣ ጠጠር የበዛበት ቅልቅል ከሆነ ይበቃዋል። ቦንሳይ ሠሪዎች ስለ አፈር ዓይነት የሚከራከሩትን ያህል ፕሪቬት ራሱ ስለ አፈር አይጨነቅም። ከባድ የሚሆነው የመጋዙ ጠባሳ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ ቁስል በቅርፊት እስኪሸፈን መጠበቅ ስለማያዋጣ፣ ብዙዎች ውሃ እንዳያቁር አድርገው በመሮ ይቦረቡሩትና እንደ አሮጌ ዛፍ ሆድ ክፍት ይተዉታል።

ከጉቶ ዛፍ የሚሠራበት መንገድ ከደቡብ ቻይና የመጣ ነው። በ1930ዎቹ በጓንግዡ ኮንግ ታይቹና መነኩሴው ሱ ሬን ቅርንጫፍን በሽቦ ማጠፍ ትተው በመቀስ ብቻ የሚሠሩበትን፣ ሊንግናን የሚባለውን ስልት አጎለበቱ። ግንዱ ይቆረጥና የበቀለው ቀንበጥ ያለ ገደብ እንዲያድግ ይለቀቃል። ውፍረቱ ለተነሣበት ግንድ ሲመጥን ከአንድ ወይም ከሁለት አንጓ ላይ ይቆረጣል፤ ከዚያ የሚወጣው ቀጣዩ ደግሞ እንዲሁ። እያንዳንዱ ቁርጥ አቅጣጫ ስለሚያስለውጥ ቅርንጫፉ እየቀጠነ፣ እየተሰበረ፣ ዕድሜ የጠገበ መስሎ ይሄዳል። ሆንግ ኮንጋዊው ዉ ዪ ሰን ይህን ስልት ከአገሩ ውጭ ካስተዋወቁት ዋነኛው ነው፤ በ1986 ከስብስቡ ለዋሽንግተኑ ሙዚየም በመስጠት ፔንጂንግን ከጃፓኑ ቦንሳይ ጎን አስቀምጧል። ስልቱ በዝግታ በሚያድግ ዛፍ ላይ ዕድሜ ይፈጃል። በዓመት ውስጥ ክንድ የሚያህል ቀንበጥ በሚያወጣው ፕሪቬት ላይ ግን ጀማሪው የሥራውን ውጤት በራሱ ዓይን ያያል።

ይህ ሲሆን መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የፕሪቬት ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ስለሚበቅሉ ከእያንዳንዱ አንጓ ሁለት ቀንበጥ ይወጣል። ሁለቱም ከተተዉ ዛፉ መንታ መንታ ይሆንና መገጣጠሚያው ያብጣል። አንዱ በጊዜ መነሣት አለበት። ሽቦ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀንበጡ አረንጓዴ ሳለ ይጠቀለል፤ እንጨት ከሆነ በኋላ ይሰበራል። የተጠቀለለውም በቶሎ ስለሚወፍር ሽቦው ቅርፊቱን ሳይበላ መፈታት አለበት።

ወደ እኔ ተወዳጅ ሙግት ልምጣ። በምዕራቡ ዓለም የወጡ ብዙ የቦንሳይ መጻሕፍት ከጃፓን አንድ ልማድ ወርሰው ለሁሉም ዛፍ ሲያዝዙ ኖረዋል፦ ለጋ ቀንበጥ ገና ሲፈታ ጫፉን በጣት መቀንጠስ። ጃፓናዊው ባለሙያ ይህን የሚያደርገው ቅርጹ ባለቀለት ሜፕል ላይ ነው፤ ዓላማውም በአንጓዎች መካከል ያለውን ርቀት ማሳጠር ነው። ቅርጹን ገና በሚፈልግ ዛፍ ላይ ሲደረግ ግን ዛፉ ምግቡን የሚሠራበትን ቅጠል ከአፉ መንጠቅ ይሆናል። ዛፉ ይደክማል፤ ውስጥ ውስጡን ያሉት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይደርቃሉ፤ ዙሪያው ብቻ ለምልሞ መሐሉ ባዶ ይቀራል።

ኦስትሪያ ተወልዶ በሙኒክ አቅራቢያ የሚኖረው ዋልተር ፓል ይህን ልማድ ፊት ለፊት ተቃወመ። ስልቱን የሰየመው በአጥር ቆራጭ ሥራ ነው። ዛፉ በጸደይ እንዳሻው ይደግ፤ ቅጠሉ ጠንክሮ ቀለሙ ሲጠቁር፣ ሰኔ ገደማ፣ በትልቅ መቀስ ዙሪያው ይከርከም። ያን ጊዜ የትኛው ቅጠል፣ የትኛው ቅርንጫፍ ተብሎ አይመረጥም። የለመለመው ዛፍ ባጠራቀመው ጉልበት ከአሮጌ እንጨት ላይ ሳይቀር አዲስ እምቡጥ ያወጣል። ምርጫው፣ ስሱ ሥራ፣ ቅጠል ረግፎ አጽሙ ሲታይ ይሠራል። ነቃፊዎቹ ብዙ ናቸው፤ ዛፉ የዓመቱን እኩሌታ ጎፈሬ ሆኖ ይከርማል፣ በመቀስ የተጋጠው ቅጠል ጠርዙ ይቃጠላል፣ ያልተመረጠ ቁርጥ በየጫፉ እብጠት ይተዋል ይላሉ።

ነቀፋው ውሸት የለበትም። ቢሆንም ፍርዴ ከፓል ጋር ነው። ፕሪቬትን አይቶ ሌላ መፍረድ ይከብደኛል። ያ ወፍራም ግንድ፣ ያ የታጨቀ ቀንበጥ፣ ማን ሠራው? ስለ ቦንሳይ ሰምቶ የማያውቅ የቤት ባለቤት፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ መቀስ ይዞ እየወጣ። በቅጠል ብዛት ጉልበት እየሰበሰበ፣ በክርከማ እየተከፋፈለ የኖረ አጥር የፓልን ሐሳብ ከማንም መጽሐፍ በፊት በተግባር አስመስክሯል። የማልከተለው ተከታዮቹን ነው፤ አንዳንዶቹ መከርከሙን ብቻ ወስደው በብዛት ማዳበሪያ መስጠቱን፣ ቶሎ ቶሎ ማጠጣቱንና በብርዱ ወራት የሚደረገውን ምርጫ ትተዋል። ያ አጥር እንጂ ቦንሳይ አይሆንም።

በየሱቁ የቤት ውስጥ ቦንሳይ ተብሎ ስለሚሸጠው ብዙ አልልም። ከቻይና የሚመጣ፣ ግንዱ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ሲኔንሴ ነው። የውጭ ዛፍ ነውና ሳሎን ጥግ ላይ ብርሃን ሲያጣ ቅጠሉን ያራግፋል። በረንዳ ያለው ሰው ብርዱ ሲያልፍ ያውጣው።

ይኸው ሲኔንሴ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሌላ መልክ አለው። በ1852 ለጌጥ ገብቶ ከግቢ ወደ ጫካ አመለጠ፤ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየወንዙ ዳር በተኑት። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል። ወደ ሥሩ እምብዛም ብርሃን ስለማያሳልፍ አገር በቀሉ አበባ ይጠፋል፤ ከአበባው ጋር ነፍሳቱም። በጆርጂያ፣ በኦኮኒ ወንዝ አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ፕሪቬቱን ሲያስወግዱ ንቦችና ቢራቢሮዎች በዓይነትም በብዛትም ጨምረዋል። በዚህ ምክንያት ወራሪ ዛፍን በክብር ማሳደግ ነውር ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በቸልታ የሚታለፍም አይደለም። ሆኖም የፕሪቬት አበባ የሚወጣው በቀንበጥ ጫፍ ነው። ጫፉ በየዓመቱ የሚከረከም ዛፍ ቢያብብ እንኳ ፍሬ ሳይይዝ ይቆረጣል። ከወንዝ ዳር የተነቀለ ጉቶ ደግሞ ለጫካው ዕፎይታ ነው። ነውሩ ከችግኝ መሸጫ አዲስ ገዝቶ ደጅ መትከሉ ላይ ነው።

በአትላንታ ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ዛፍ ከቤታችሁ ኋላ ባለው ፍሳሽ ዳር ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል፤ በግንቦት ነጭ አበባውና ከባድ ሽታው ያጋልጠዋል። የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዳችሁ በየካቲት መጨረሻ መጋዝ ይዛችሁ ውረዱ። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ግን እርጥብ መሬት ላይ ጥላችሁት አትመለሱ፤ ሥር አውጥቶ ይበቅላል። በከረጢት አድርጋችሁ አውጡት።