ያገለገለ ፒክ አፕ ስለ መምረጥ፤ በናይሮቢ ለከተማም ለእርሻም

በናይሮቢና በአካባቢዋ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በነዚህ ወራት ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻ ወይም የወተት ከብት ያለውን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ምርቱ ከጭቃው ወጥቶ አስፋልት መድረሱ ነው። ያው ሰው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በከተማ ውስጥ ይውላል፤ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከሞምባሳ መንገድ መጨናነቅ ጋር ይታገላል። ሁለት መኪና ለማቆም አቅሙ ስለማይፈቅድለት በአራቱም ጎማ የሚጎትት አነስተኛ የጭነት መኪና፣ ማለት በተለምዶ ፒክ አፕ የሚባለውን ይመኛል። የአዲሱ ዋጋ ከባድ ስለ ሆነም ያገለገለውን ለመግዛት ይወጣል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ገዢ ነው፤ በናይሮቢ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሚጠቀሙበት ይመስለናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኪቴንጌላ ወዲያ ጥቂት የወተት ላሞች የነበሩት አንድ ወዳጃችን ሦስቱን ሸጦ፣ በዚያም ላይ ያጠራቀመውን ገንዘብ ጨምሮ፣ ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያበራ ነጭ ደብል ጋቢና ገዛ። ሁለት ወር ያህል በከተማ አስፋልት ላይ ሲነዳው ምንም ጉድለት አላየበትም። ረጅሙ ዝናብ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ግን መኪናው ከነወተቱ ከበረቱ ደጃፍ ሳይርቅ ቆመ። የአራት ጎማው ማርሽ ይገባል፤ የፊት ጎማዎች ግን በራሳቸው ኃይል አይዞሩም። ጎንበስ ብለው ቢያዩት ኃይልን ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሰው ዘንግ፣ ሜካኒኮች ካርዳን የሚሉት፣ ከነጭራሹ ተነቅሎ ወጥቷል። የሁለት ቀን ወተት ተደፋ። ወዳጃችን መኪናውን ሲገዛ ዙሪያውን አራት ጊዜ ዞሮታል፤ ከታች ግን አንድ ጊዜም አላየውም ነበር።

የዚህ ዓይነት መኪና ምርጫ መጀመር ያለበት ከአፈሩ ነው። ከናይሮቢ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ፣ ማለት በኢምባካሲ፣ በአቲ ሪቨርና በኪቴንጌላ ሜዳዎች የሚገኘው አፈር በአገራችን ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ የበቾን ሜዳ በክረምት ያየ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ እየተሰነጠቀ የሚከፈት ሸክላ ነው። በዝናብ ጊዜ በጎማው ጥርሶች መካከል ይገባና ይጠቀጠቃል፤ ጥቂት እንደ ተሄደም ጎማው ጥርስ እንደሌለው ሆኖ ልሙጥ ይሆናል። ከዚያም በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ጎማውን እስከ ማሰር ይደርሳል። ስለዚህ ለጥቁር አፈር አራቱ ጎማዎች መጎተታቸው ብቻውን አይበቃም። ጥርሱ ሰፋፊና ጥልቅ የሆነ ጭቃን የሚተፋ ጎማ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ፣ ከተቻለም የኋላው ዲፈረንሻል መቆለፊያ ያስፈልጋል። መቆለፊያ የሌለው ዲፈረንሻል ኃይሉን እንዲባክን የሚያደርገው መያዣ ባጣው ጎማ በኩል ነው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ በጭቃ ላይ የተንሳፈፉ እንደ ሆነ ሁለቱ በከንቱ ይሽከረከራሉ፤ መኪናውም አራት ጎማ የሚጎትት ተብሎ ሳለ ይቆማል።

ከከተማው በስተ ሰሜን፣ በኪያምቡ፣ በሊሙሩና በሙራንጋ ያለው ግን ቀይ አፈር ነው፤ ለሻይና ለቡና የተመቸ፣ ውሃን ቶሎ የሚያሳልፍ መሬት። ይህኛው ከመዋጥ ይልቅ ያንሸራትታል፤ አገሩም ዳገትና ቁልቁለት ነው። በዚያ የሚጠቅመው በፍሬን ሳይመኩ በዝግታ ለመውረድ የሚያስችለው ዝቅተኛው የኃይል ማርሽ ነው። ወደ ማጋዲ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሙቀትና ድንጋይ፣ በመጨረሻም ብረት የሚበላ የሶዳ ጨው ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ሲመለስ የመኪናውን ሆድ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይኖርበታል። እንግዲህ ገዢው እርሻው በየትኛው አፈር ላይ እንዳለ ለይቶ ካላወቀ ሻጩ የሚነግረውን ሁሉ ለማመን ይገደዳል።

በገበያው ላይ ያሉት አብዛኞቹ ፒክ አፖች በወትሮው በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄዱ፣ ሲያስፈልግ የፊቱ የሚጨመርባቸው ናቸው። በነዚህ መኪኖች የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ሲታሰሩ በመካከላቸው የፍጥነት ልዩነትን የሚያስተናግድ ነገር የለም። መኪናው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳሉና በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱን አስሮ መንዳት ጥርሶችንና ዘንጎችን ያስጨንቃል፤ ሲቆይም ይሰብራል። በአንዳንድ የሚትሱቢሺ ኤል 200 ዓይነቶች ላይ የሚገኘው ሱፐር ሴሌክት የሚባለው መሣሪያ የመካከል ዲፈረንሻል ስላለው በአስፋልትም ይሠራል፤ ዝናብ ላይ በከተማ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የቀሩትን መፈተን የሚገባው ግን በኮረኮንች ወይም በሣር ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ በከፍተኛው፣ ቀጥሎም መኪናውን አቁሞ በዝቅተኛው ማርሽ አራቱን ማስገባት፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየታጠፉ መንዳት ነው። ከፊት በኩል በየጊዜው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ የጎማ ዘንጎቹ መገጣጠሚያ አልቋል። ማርሹ ለመግባት ከተግደረደረ ለዓመታት ሳይነካ የኖረ መሆኑ ነው፤ የከተማ ሰው መኪና ብዙ ጊዜ ይህ ችግር ይገኝበታል።

ሻንሲውን በተመለከተ ገዢው ለማፈር ጊዜ ሊኖረው አይገባም፤ አሮጌ ልብስ ለብሶ ይሂድና በጀርባው ይተኛ። ማየት ያለበት ከጋቢናው ጀርባ፣ ከካሶኒው ፊት ያለውን ቦታ፣ እንዲሁም ባልስትራዎቹ ከሻንሲው ጋር የሚያያዙበትን ነው። ከአቅም በላይ የተጫነ መኪና ሻንሲው የሚጎብጠውና የሚሰነጠቀው በነዚህ ስፍራዎች ነው። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ አንድ ነገር ታጥፏል። ባልስትራው ላይ ከፋብሪካው ያልመጣ ተጨማሪ ቅጠል ከተገኘ መኪናው ድንጋይ ወይም አሸዋ ሲሸከም ኖሯል። በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ቀስ ብሎ ቢመቱት ጤናማ ብረት ይጮኻል፤ ዝገት የበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ ሲያዩ ደግሞ መደሰት ሳይሆን መጠራጠር ይገባል። ይህ በስም የሚፈታ ነገር አይደለም፤ ቶዮታ እንኳ በአሜሪካ በሸጣቸው የታኮማ ፒክ አፖች ሻንሲ ዝገት ምክንያት ተከስሶ፣ በ2016 ሻንሲዎቹን ለመመርመርና የተበሉትን ለመለወጥ ተስማምቷል። የዝገቱ ምክንያት በክረምት በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ወደ ኬንያም ከእንግሊዝ አገር የሚመጡ መኪኖች በዚያ ጨው ላይ የኖሩ ስለ ሆኑ ሆዳቸው በጥንቃቄ ይታይ።

ሞተሩ በጧት፣ ሳይሞቅ መታየት አለበት። ሻጩ ገዢው ሳይመጣ አስነሥቶ ያቆየው እንደ ሆነ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠል ምልክት ነው። የዲፈረንሻሉን ዘይት መሙያ ብሎን ፈትቶ ጣትን ማስገባት ጥሩ ነው፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ ካለ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ገብቶበታል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ሊሙሩ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንስበታልና፣ ድንች ጭኖ የስምጥ ሸለቆውን ዳገት የሚወጣ ሰው ቱርቦ ያለውን ናፍጣ ሞተር ቢመርጥ ይሻላል። ሆኖም ከውጭ በቅርብ የመጡት አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች የጭሱን ጥላሸት የሚያጠራቅም ማጣሪያ በማርሚታቸው መስመር ላይ አለባቸው። ይህ ማጣሪያ ራሱን የሚያቃጥለውና የሚያጸዳው ረዘም ባለ ፈጣን ጉዞ ነው። በየቀኑ አምስት ኪሎ ሜትር በመጨናነቅ ውስጥ ብቻ የሚሄድ መኪና ማጣሪያው ይደፈናል፤ ለመለወጥም ውድ ነው። እንዲህ ላለው ገዢ ቤንዚን የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሌላው በከተማ የሚያጋጥመው የካሶኒው ባዶነት ነው። ባልስትራው አንድ ቶን ያህል እንዲሸከም የተሠራ በመሆኑ ባዶውን ሲሄድ ይዘልላል፤ በእርጥብ አስፋልትም ኋላው ይንሸራተታል። ጥቂት የአሸዋ ከረጢት በደንብ አስሮ ከኋላ ማኖር ከብዙ ጥገና ይበልጣል።

የትኛውን ሥሪት መግዛት ይገባል ለሚለው፣ መለዋወጫው በቅርብ የሚገኘውን እንላለን። ኢሱዙ ዲ-ማክስ በናይሮቢ ይገጣጠማል፤ በ1975 ጄኔራል ሞተርስ ኬንያ ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት በ2017 ኢሱዙ ኢስት አፍሪካ ሆኗል። ለእርሱም ለቶዮታ ሂሉክስም የሚሆን ዕቃ በኪሪንያጋ መንገድ፣ የጥንት ሰዎች እስካሁን ግሮጋን በሚሉት፣ ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞሩ ማግኘት ይቻላል፤ እርግጥ እውነተኛውን ከተመሳሳዩ የሚለይ ሜካኒክ አብሮ መኖር አለበት። ሂሉክስ ዋጋው የማይወድቅ በመሆኑ ሲሸጡት ጥሩ፣ ሲገዙት ግን ለስሙም ይከፈላል። በዚያው ገንዘብ በዕድሜ ያነሰ ዲ-ማክስ ይገኛልና እኛ ብንመርጥ ወደዚያ እናዘነብላለን። ሻጩ የ2010 ሂሉክስ ከጃፓን ገበያ የመጣ ነው ቢል ደግሞ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል፤ ሂሉክስ ከ2005 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በጃፓን አይሸጥም ነበር።

ሦስት ላም ብቻ ያለው ገበሬ ግን ይህ ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል። ሱዙኪ ካሪና ዳይሃትሱ ሃይጄት የሚባሉት የጃፓን ትናንሽ የጭነት መኪኖች በአራት ጎማ የሚጎትቱም አሏቸው። ሞተራቸው ከ660 ሴንቲ ሜትር ኩብ አይበልጥም፤ የሚጭኑት 350 ኪሎ ብቻ ነው። ጎማቸው ትንሽ፣ ሆዳቸውም ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ቀላል በመሆናቸው ቢሰጥሙ አራት ጎልማሳ አንሥቶ ያወጣቸዋል። በከተማም ለማቆም ቦታ አይቸግርም። ለጥልቅ ዋልካ ባይመከሩም በኪያምቡ ቀይ መንገድ ላይ ወተት ለማመላለስ ይበቃሉ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ኬንያ ከመጀመሪያው ምዝገባ ስምንት ዓመት ያለፈውን ያገለገለ መኪና ወደ አገር አታስገባም። ስለዚህ ከዚያ በላይ ያረጀው ሁሉ በኬንያ መንገድ ላይ የሠራ ነው ማለት ነው። የናይሮቢ ሰው የመኪናን ዕድሜ በታርጋው ፊደላት ይገምታል፤ በኬ.ቢ.ኤ የሚጀምሩት በ2007፣ በኬ.ዲ.ኤ የሚጀምሩት በ2020 መሰጠት ጀምረዋል። ይህ ግን በኬንያ የተመዘገበበትን እንጂ የተሠራበትን ዓመት አይነግርም፤ የ2020 ታርጋ የለጠፈ መኪና በ2013 የተሠራ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በ2012 በወጣው ሕግ ከተቋቋመው ከብሔራዊ የትራንስፖርትና ደኅንነት ባለሥልጣን የመኪናውን መዝገብ ማስወጣት፣ በሻንሲው ላይ የተቀረጸውንም ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው። የባንክ ስም አብሮ ከተጻፈ ዕዳው አላለቀም። ከተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ወይም ከኤምባሲ የሚሸጥ መኪና ያለ ቀረጥ የገባ ከሆነም ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይታወቅ።

አንዳንድ ሰዎች በናይሮቢ ገዝተው በሞያሌ በኩል ወደ አገር ቤት ለማስገባት ያስባሉ። የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ ኢትዮጵያ ከ1964 ጀምሮ በመንገድ ቀኝ ትነዳለች፤ በዚያም ላይ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በናይሮቢ የተገዛው በዚያው ይሥራ፣ በዚያው ይሸጥ።

መኪናው ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተሩ፣ የካምቢዮው፣ የአራት ጎማ ማርሹና የሁለቱ ዲፈረንሻሎች ዘይት ሁሉ ይለወጥ፤ ለዚህና ለጎማ ከዋጋው አንድ አሥረኛ ያህል አስቀድሞ መያዝ ይገባል። እስከ 2015 ድረስ በነበሩት የሂሉክስ ናፍጣ ሞተሮች፣ ማለት ባለ 2.5ና ባለ 3.0 ሊትሮቹ ላይ፣ የጊዜ ማስተካከያው ቺንጊያ ነው፤ ሻጩ መቼ እንደ ተለወጠ በደረሰኝ ካላሳየ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ መለወጥ ነው። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ፣ በበጋም ቢሆን፣ በአፈር መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር አራቱን ጎማ አስገብቶ መንዳት ዘይቱን ወደ ፊተኛው ዲፈረንሻል ጥርሶች ያደርሳል፤ ማርሹም ሳይደርቅ ይቆያል።