ሕፃናት ባሉበት ቤት የዕቃን ብዛት ስለ መቀነስ

የቤት ዕቃ በአንድ ቀን አይበዛም። ዛሬ አንድ ጀሪካን፥ ነገ አንድ ካርቶን፥ ከነገ ወዲያ እግሩ የተሰበረ ወንበር «ይሆናል» እየተባለ ይቀመጥና፥ ባለቤቶቹ ሳያስተውሉት ቤቱ የሰው ማደሪያ መሆኑ ቀርቶ የዕቃ ማደሪያ ይሆናል። ዐዋቂ ሰው በዕቃው መካከል እየተሹለከለከ ያልፋል፤ መዳህ የጀመረ ሕፃን ግን የሚያልፍበትንና የማያልፍበትን፥ የሚነካውንና የማይነካውን ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሕፃናት ባሉበት ቤት ዕቃን መቀነስ ለቤቱ ውበት ብቻ የሚደረግ ሳይሆን የልጅን ሕይወት የመጠበቅ ሥራ መሆኑን ለመግለጽ ይህን ጥቂት ቃል ጻፍን።

አቃቂ ቃሊቲ ለዕቃ እንግዳ አገር አይደለችም። የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ዕቃ በአቃቂ ጣቢያ በኩል ያልፍ ነበር። ያ የቀድሞው ባቡር ዛሬ ባይመላለስም፥ የቃሊቲ ጉምሩክና በየመንገዱ ዳር የተሠሩት መጋዘኖች አካባቢውን የዕቃ መግቢያ በር አድርገውት ይገኛሉ። መጋዘን በስፍራው መልካም ነው፤ ጕዳቱ የመጋዘን ልማድ ወደ መኖሪያ ቤት የገባ እንደ ሆነ ነው።

የዚህም ልማድ ምክንያቱ ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። እናቶቻችን ዕቃን ያስቀምጡ የነበሩት በብልኃት ነው። በቀድሞው ግቢ ከዋናው ቤት ሌላ ማድ ቤትና ጓዳ፥ የእህል ማስቀመጫ ጎታና ጎተራ ነበረ፤ ማሰሮውም፥ ቆርቆሮውም፥ አሮጌው ኮርቻ እንኳ ሳይቀር የየራሱ ስፍራ ነበረው። ገበያው ሩቅ፥ ዕቃውም ውድ በሆነበት ዘመን ባዶ ጠርሙስ መጣል እንደ ማባከን ይቈጠር ነበር። ዛሬ ግን ግቢው ጠብቦ ልማዱ ብቻ ቀርቷል።

ከ1990ዎቹ ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሠሩት፥ ኮንዶሚኒየም የሚባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ቤተሰብን ከኪራይ አውጥተዋል። በአቃቂ ቃሊቲም በቱሉ ዲምቱና በገላን ይታያሉ። ነገር ግን በሥራው መጀመሪያ በተወሰነው ልክ ባለ አንድ መኝታው ቤት ከ20 እስከ 30፥ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነው። አባትና እናት፥ ሁለት ሕፃናትና አንዲት አያት በሚኖሩበት በ30 ካሬ ሜትር ቤት ውስጥ የግቢ ቤት ዕቃ ይግባ የተባለ እንደ ሆነ፥ ከአልጋ ሥር፥ ከቁም ሣጥን ላይ፥ ከበረንዳና ከደረጃው መተላለፊያ በቀር ስፍራ አይገኝለትም። አደጋውም የሚጀምረው በነዚሁ በአራቱ ስፍራዎች ነው።

ከአልጋ ሥር ከሚሸሸገው ዕቃ ሁሉ እጅግ የሚያስፈራው ላምባና በረኪና ነው። የውሃና የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይጣልም ተብሎ ይቀመጣል፤ ኋላም ላምባው ወይም በረኪናው ይገለበጥበታል። የ2 ዓመት ሕፃን ጽሕፈት አያነብም፤ ጠርሙሱን ግን ያውቀዋል። ላምባ በጠጣ ሕፃን ላይ የሚደርሰው ዋናው ጕዳት ፈሳሹ ወደ ሳንባው መግባቱ ነው፤ እንዲያስመልሰው ማስገደድም ፈሳሹን ዳግመኛ በጕሮሮው ስለሚያሳልፈው ጕዳቱን ያብሳል። በረኪና የጠጣም ሕፃን እንዲያስመልስ አይገደድም። በጣት መኰርኰሩን ትቶ፥ ጠርሙሱን ይዞ፥ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። እንደዚሁም አሮጌ መጫወቻና ሰዓት በተከማቸበት መሳቢያ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ ትገኛለች፤ ሕፃን ውጧት በጕሮሮው ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስበት ትችላለች።

ከቁም ሣጥን ላይ ሻንጣና ካርቶን የተቈለለ እንደ ሆነ ቁም ሣጥኑ ራሱ ከላይ ይከብዳል፤ ሕፃኑም መሳቢያውን እንደ መሰላል ረግጦ የወጣ ጊዜ ሁሉም ባንድነት ይወድቅበታል። በበረንዳ የተከማቸው ጀሪካንና ሣጥን ደግሞ የመከታውን ከፍታ ከንቱ ያደርገዋል፤ ከመከታው የሚያንስ ልጅ በሣጥን ላይ የቆመ እንደ ሆነ ይበልጠዋልና። በደረጃው መተላለፊያ የተቀመጠው አሮጌ ፍራሽ የጎረቤት ሁሉ ጕዳይ ነው። ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ በኤሌክትሪክ የሚወጣና የሚወርድ አሳንሰር የለውም፤ እሳት ቢነሣ ሕፃን ታቅፎ የሚወረድበት መንገድ ያው ደረጃ ብቻ ነው።

ከሥጋ አደጋ ሌላ የአእምሮም ነገር አለ። ብዙ ወላጆች ልጃቸው እንዲደሰት ብለው መጫወቻ ያበዛሉ። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በ2018 እ. ኤ. አ. በወጣው ጥናታቸው፥ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ወር የሆነ 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ በ4፥ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻ ሲጫወቱ ተመልክተዋል። ሕፃናቱ 4 ብቻ በቀረበላቸው ጊዜ በያንዳንዱ መጫወቻ ረዘም ላለ ጊዜ ቈዩ፤ አንዱንም መጫወቻ በብዙ ዐይነት መንገድ ተጫወቱበት። እንግዲህ መጫወቻ የሚያበዛ ወላጅ ልጁን የሚጠቅም ሲመስለው አሳቡን ይበታትንበታል።

ከዚህ ጥናት ከመቶ ዓመት በፊት ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባሉት ኢጣልያዊት ሐኪም ይህንኑ በሥራ አሳይተው ነበር። እኒህ ሴት በ1899 ዓ. ም. በሮማ ከተማ ሳን ሎሬንሶ በተባለው የድኾች ሰፈር፥ ለሠራተኞች በታደሰ የፎቅ ቤት ውስጥ የሕፃናት ቤት ከፈቱ። በዚያም ወንበሩና መደርደሪያው ለሕፃናቱ ቁመት የተስማማ ሆኖ፥ ሕፃኑ የሚፈልገውን ራሱ እንዲያነሣ፥ ሲጨርስም ራሱ ወደ ስፍራው እንዲመልስ ይደረግ ነበር። ከዚህም የምንማረው፥ ልጁን ሥርዐት የለሽ ብለን ከመቈጣታችን አስቀድሞ፥ ዕቃው የሚመለስበት ስፍራ አለው ወይ ብለን ራሳችንን መጠየቅ እንደሚገባን ነው።

መቀነስ ማለት ግን ያገኙትን ሁሉ መጣል አይደለም። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሥርዐቱን ያውቀዋል። በየቀኑ የሚፈለገው መዝገብ በእጅ አጠገብ ይቀመጣል፤ ነገሩ ያለቀው፥ ነገር ግን ለምስክር የሚጠበቀው ታስሮና ቍጥር ተጽፎበት ለብቻው ይገባል፤ ጊዜው ያለፈበትም በዝርዝር ተመዝግቦ ይወገዳል። ሦስቱ የተቀላቀሉ እንደ ሆነ የሚፈለገው አይገኝም፤ ባለጕዳይም ይጕላላል።

ቤትም እንዲሁ ነው። የዘወትሩ ልብስ፥ ሳህንና መጫወቻ በቅርብ ይሁን። የሠርግ ልብስ፥ የልጅ የክርስትና ልብስ፥ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፥ የቤት ካርታና ውል በአንድ በሚቈለፍ ሣጥን ይጠበቅ፤ ሣጥኑም አንድ ብቻ ይሁን እንጂ ሁለትና ሦስት አይሁን። ሌላ ልጅ ለሚጠብቅ ቤት የሕፃን ልብስ ማስቀመጥ ቍጠባ ነው፤ ዕድሜው ተጽፎበት በአንድ ጥቅል ይታሰር። ከእንቍጣጣሽ እስከ እንቍጣጣሽ ማንም ያልነካው፥ የሚጠግነውም የሌለው ዕቃ ግን ጊዜው አልፏልና ይውጣ። ሥራውንም ለመጀመር ቤቱን በአንድ ቀን መገልበጥ አያስፈልግም። አባት ወይም እናት በጕልበታቸው ተንበርክከው ቤቱን በሕፃኑ ቁመት ይመልከቱት፤ የሕፃኑ እጅ ከሚደርስበት ስፍራ ይጀምሩ።

በዚህ ሥራ እጅግ የሚያስቸግረው የሰው ልብ ነው። «ተዪው ልጄ፥ አንድ ቀን ይሆናል» የሚሉ አያት ባሉበት ቤት፥ ሳያማክሯቸው ዕቃቸውን ማውጣት ነውር ነው፤ የሳቸው ሣጥን በሳቸው ፈቃድ ይከፈት። «እንጣለው ወይ?» ከማለት ይልቅ «እማማ፥ ይህን ለማን እንስጥልዎ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ መጣልን የሚጠሉ እናት መስጠትን ይወዳሉና። ለድግስ ይሆናል ተብሎ የሚቀመጠውም ትልልቅ ብረት ድስትና የወንበር ክምር ቤትን አያጣብብ። ድንኳኑን፥ ወንበሩንና ብረት ድስቱን እድር ገዝቶ ያስቀመጠው፥ በዓመት አንድ ቀን የሚፈለገውን ዕቃ እያንዳንዱ ቤት ዓመቱን ሙሉ እንዳይሸከም ነው።

የወጣው ዕቃ ወዴት ይሂድ ለሚል ጠያቂ መንገዱ ብዙ ነው። ለሕፃን ያነሰው ልብስ አዲስ ለወለደች ዘመድ ይሰጣል፤ የዐዋቂው ልብስና ብርድ ልብስ እንደ መቄዶንያ ላሉ የአረጋውያን መርጃዎች ይላካል፤ ብረትና ቆርቆሮውን ቆራሌው ከደጅ ይገዛዋል፤ በመርካቶም ምናለሽ ተራ የወደቀው ብረት በባለእጆች ተቀጥቅጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል። በልዋጭ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ አሮጌው ልብስ በፕላስቲክ ሳህን ተለውጦ የገባ እንደ ሆነ ዕቃው መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀነሰም።

ከሁሉ የከፋው ወደ ወንዝ መጣል ነው። የአቃቂ ወንዞች የተጣለባቸውን ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ በውሃቸውም አትክልት ይለማል፤ እንግዲህ ከበር ያወጣነው በጎመን ተመልሶ ወደ ልጃችን ገበታ ይመጣል። በከተማው መጣያ የተጣለውም ቢሆን አይጠፋም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. በቆሼ የተከመረው ቍሻሻ ተደርምሶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች፥ ከነሱም መካከል ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ ዋናው ጥበብ ዕቃን ማውጣት ሳይሆን፥ ስፍራ ያልተዘጋጀለትን ዕቃ በመጀመሪያ ከበር አለማስገባት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፥ ዝናብም ልጆችን በቤት የሚያውልበት ወራት ነውና፥ ይህን ሥራ ሰኔ ሳያልቅ መፈጸም መልካም ነው። ሥራው መፈጸሙም የሚታወቀው በእንግዳ ምስጋና አይደለም። ሕፃኑ ከአንዱ ግድግዳ ተነሥቶ እስከ ሌላው ግድግዳ ሲድህ፥ እናቱ አንድ ጊዜ እንኳ «ተው!» ብላ ሳትጮኽ የደረሰ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ቤቱ ለልጅ ተመቸ ማለት ነው።