አዲሱ መምህር ምን አምኖ ይገባል?

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን፣ ወደድንም ጠላንም፣ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ጠመኔ የምንጨብጥ ነን። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ታላላቆቻችን ዲግሪያቸውን ሳይቀበሉ ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ተልከው፣ አብዛኞቹ ያገኙት ሥራ ይኸው ማስተማር ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን የሚያድነን ወይም የሚጥለን፣ ከያዝነው የትምህርት ዕቅድ ይልቅ ስለ ተማሪው ያለን እምነት ይመስለኛል።

«ተማሪ ሁሉ ማሰብ ይችላል ብዬ አምናለሁ» ማለት ቀላል ነው። ለቅጥር ቀርቦ ይህን የማይል ማን አለ? ነገር ግን እምነቱ በክፍል ውስጥ በምን ይታወቃል? እኔ በሰዓት ይታወቃል እላለሁ፤ መምህሩ ከጠየቀ በኋላ ዝም ብሎ በሚጠብቅበት ጊዜ።

ለትምህርት ልምምድ ተልኬ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምር፣ «ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት የስበት ኃይሉስ?» ብዬ ጠየቅሁ። መልስ የለም። ወዲያው ራሴ መለስሁና ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉኝ የነበሩት ነባር መምህር በዕረፍት ሰዓት ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ጠይቀህ ነበር ወይስ እየተናገርህ ነበር?» አሉኝ። አፈርሁ።

ነገሩ የእኔ ብቻ አልነበረም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጥናት፣ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሱ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ፤ ቀርፋፋ የተባሉትም መናገር ይጀምራሉ። የሚያሳዝነው ደግሞ መምህራኑ ደካማ ለሚሏቸው ልጆች ከጎበዞቹ ያነሰ ጊዜ መስጠታቸው ነው። አይችልም ብለን ስለማንጠብቀው አይመልስም፤ ስላልመለሰም አይችልም እንላለን።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በአፍ መፍቻው አስቦ፣ መልሱን እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ሊመልስ ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ሰከንድ!

«ይህ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፣ የእኛ ልጅ መስማት ነው የለመደው» የሚል ወዳጅ አለኝ። የቅኔ ቤትን የረሳ ይመስለኛል። እዚያ ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል። ተማሪው አስቦ እስኪመጣ የሚጠብቅ ትምህርት ቤት ከነበረን ብዙ ዘመኑ ነው።

የወዳጄ ሌላው ክርክር ግን ከባድ ነው። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ መጽሐፉ ማለቅ አለበት፤ ብሔራዊው ፈተናም አይጠብቅም። እውነት ነው። ሦስት ሰከንድ የማንንም መጽሐፍ አያስቀርም፤ ጊዜ የሚበላው ከዚያ በኋላ የሚመጣው የተሳሳተ መልስ ነው፤ እሱን ማቃናት አንዳንዴ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ እኔ ጥያቄዎቼን ቀነስሁ።

በማግሥቱ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ ጠየቅሁና ጠበቅሁ። ክፍሉ ተጨነቀ፤ እኔም ተጨነቅሁ። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ በአማርኛ፣ «ኃይሉማ ባይኖር ድንጋዩ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር» አለች። እኔ በቀደመው ቀን ከሰጠሁት መልስ የሷ ይሻል ነበር።

አሁን ስጠይቅ እጄን ወደ ጠመኔው አልሰድም፤ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። አንዳንድ ቀን ከአምስትም በኋላ የሚመልስ አይገኝም። ያን ጊዜ ልጆቹን ከመገሠጼ በፊት ጥያቄዬን ለውጬ እጠይቃለሁ።