መዶሻው የማይታየው ሽጉጥ፦ አሮጌውን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ማወቅና ማጽዳት

አሜሪካ ውስጥ ከአያት መሳቢያ ወይም ከጨረታ ሣጥን ከሚወጡ አሮጌ የኪስ ሽጉጦች መካከል አንደኛው በመልኩ ቶሎ ይለያል። ጀርባው ድፍን ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሪቮልቨሮች ወደ ኋላ የሚሳብ መዶሻ አይታይበትም። እጀታው ሲጨበጥ ደግሞ ከኋላው ያለች ጠባብ ብረት ወደ ውስጥ ትገባለች። ይህ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነጥብ 38 መዶሻ አልባ ሪቮልቨር ነው። ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1887 ለገበያ አቀረበው፤ እስከ 1940 ድረስም ከ260 ሺህ በላይ ሠራ። እጀታው ተጨምቆ ስለሚሠራ ሕዝቡ “የሎሚ መጭመቂያ” ብሎታል።

መዶሻ አልባ ይባል እንጂ መዶሻ አለው። ልብስ እንዳይዝ ተብሎ በአካሉ ውስጥ ተሸፍኗል። የእጀታዋ ብረት ካልተጨመቀች ምላጩ ቢሳብም ሽጉጡ አይተኩስም፤ የምላጩም ጉልበት ከባድ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ለሕፃን እጅ ያስቸግራል። በዚያ ዘመን የብዙ ሰው ሽጉጥ በአልጋ ራስጌና በኮት ኪስ ይኖር ስለነበር፣ ይህ ብልሃት ትልቅ ነገር ነበር። እኔ በበኩሌ ከዘመኑ የሽጉጥ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ የሠራው ሰው ስለ ተኳሹ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ስላሉትም አስቦበታል።

እንዲህ ያለ ሽጉጥ እጃቸው የገባ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጽዳት ነው። ዝገቱን ይፍቃሉ፣ ብረቱን ያበራሉ። ጥፋቱም እዚህ ላይ ይጀምራል፤ የሽጉጡ ማንነት የተጻፈው በዚያው በሚፋቀው ገጽ ላይ ነውና። ማወቅ ይቅደም፣ ማጽዳት ይከተል።

ከሁሉ በፊት ግን ጥይት አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ከላይ ያለው መቆለፊያ ሲለቀቅ አፈሙዙ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ኮከብ የመሰለች ብረትም ብቅ ብላ አምስቱንም ጥይት ወይም ቀለህ ትገፋለች። መቆለፊያው ዝጎ እምቢ ካለ ሽጉጡ እንደ ጎረሰ ተቆጥሮ ወደ ባለሙያ ይሂድ። በመዶሻ እየመታ የሚከፍት ሰው በሕይወቱ ይቀልዳል።

አፈሙዙ አናት ላይ ከፋብሪካው አድራሻ ጋር 1877፣ 1880፣ 1883 የመሳሰሉ ዓመቶች ተቀርጸዋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ “የ1877 ሽጉጥ አለኝ” ይላል። እነዚህ ግን የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ዓመቶች ናቸው፤ በ1877 ይህ ሽጉጥ ገና አልተወለደም። ዕድሜው የሚገኘው ከመለያ ቁጥሩና ከመቆለፊያው ቅርጽ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሺህ ያህል ሽጉጦች መቆለፊያው ወደ ጎን የሚገፋ ነበር። ከዚያ በአውራ ጣት ከላይ የሚጫኑት መጣ። ከ1898 ገደማ ጀምሮ በግራና በቀኝ ሸካራ ጆሮ ያለው፣ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ላይ የሚያነሱት ሆነ። በ1907 የመጣው የመጨረሻው ዓይነት ደግሞ የፊት ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ጋር አንድ ብረት ነው፤ በፊተኞቹ ላይ ለብቻው ተሠርቶ የተሰካ ነበር።

መለያ ቁጥሩ ከእጀታው ሥር አለ። ያው ቁጥር ጥይት በሚይዘው ከበሮ የኋላ ፊት፣ በአፈሙዙ፣ በመቆለፊያውና በቀኙ የእጀታ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይም ይገኛል። ሁሉም ከተመሳሰሉ እነዚህ ክፍሎች አልተለወጡም ማለት ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ ኮከብ ከታየች ለጥገና ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ነበር። በኒኬል የተለበጠ ከሆነ የምላጩን ዙሪያ መከለያ ተመልከቱ፤ ፋብሪካው ይህን ክፍል ሰማያዊ ጥቁር አድርጎ ይተወው ስለነበር፣ እሱም በኒኬል የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሌላ ሰው በኋላ ለብጦታል።

አስመሳዮችም ነበሩ። አይቨር ጆንሰን የተባለ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የራሱን ተመሳሳይ ሽጉጥ ሠርቶ በእጀታው ላይ የጉጉት ራስ አተመ፤ ይህ ሐቀኛ ተፎካካሪ ነው። በስፔን የተሠሩ አንዳንድ ሽጉጦች ግን “ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጥይት የሚሆን” የሚል ጽሑፍ ይዘው የኩባንያውን ስም ጎላ፣ የቀረውን አነስ አድርገው አትመውታል። ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ፣ ብርጭቆ ወረቀትና የሚሽከረከር ማሽን አይጠጉት። የእጀታውን ሽፋን ለማውጣት ለብሎኑ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ በጥፍር ወይም በቢላ አይፈነቀልም፣ ያረጀ ጠንካራ ጎማ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ብረቱ ዝገት ሰርሳሪ ዘይት ተቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ከዚያ የከበሮው ቀዳዳዎችና የአፈሙዙ ውስጥ በነሐስ ቡሩሽ ይታሹ። ጥቁር በሆነው ገጽ ላይ ያለ ዝገት በጣም በላመ የብረት ሱፍ፣ በብዙ ዘይትና በቀላል እጅ ይነሳል። ጠንከር ያለ የዝገት ነጥብ ካለ ከ1982 በፊት የተሠራ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ጥሩ መፋቂያ ነው፤ መዳቡ ከብረቱ ስለሚለሰልስ አይቧጥጠውም።

ኒኬል ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ልባጡ የተላጠበት ጠርዝ ከታሸ መላጡ ይብሳል። አሞኒያ ያለበት የጠመንጃ ማጽጃ ደግሞ በልባጡ ስንጥቅ ገብቶ ከሥሩ መዳብ ካለ ይበላዋል። ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። የጎን ክዳኑን ከፍቶ ሞላዎቹን መነካካት የባለሙያ ሥራ ነው። እንደ አዲስ ማስለበጥን ደግሞ ጨርሶ አልመክርም፤ ሰብሳቢዎች የሳሳውን የጥንት ገጽ ከሚያብረቀርቀው አዲስ ልባጥ አብልጠው ይገዛሉ፣ ልክም ናቸው።

መተኮስን በተመለከተ፣ ይህ ሽጉጥ የሚጎርሰው ነጥብ 38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለውን አጭር ጥይት ነው። ነጥብ 38 ስፔሻል ሌላ ጥይት ነው፤ ይረዝማል፣ ኃይሉም ይበልጣል። ቀደምቶቹ ሽጉጦች ለጥቁር ባሩድ የተሠሩ ስለሆኑ ባለሙያ ሳይመረምራቸው ባይተኮስባቸው ይሻላል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ሽጉጥ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ የየግዛቱ ሕግ ግን ይለያያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አስቀድሞ ያንብብ።

የሽጉጡ መለያ ቁጥርና ፎቶግራፍ ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽን ከክፍያ ጋር ከተላከ፣ መዝገቡ ተፈልጎ ሽጉጡ ከፋብሪካ የወጣበት ቀንና የተላከለት ነጋዴ የተጻፈበት ደብዳቤ ይመጣል።