ግራፊክስ ካርድን ለሪያድ ሙቀት መግራት

በሐምሌና በነሐሴ ወራት በሪያድ ከተማ የቀኑ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ ለነዋሪው እንግዳ ነገር አይደለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ወደ ቤት መልሶ ይተፋል። በዚህ ሰዓት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ከሥራ የተመለሰ አንድ ወጣት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ገዝቶ የገጣጠመውን ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ሲከፍት እናስብ። ጨዋታው ለመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ያለ እንከን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ፤ ምስሉ መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ክፍሉም እንደ ምድጃ ይግላል።

ወጣቱ ሁለት ነገሮችን ሊያስብ ይችላል። አንደኛው፣ የወራት ቁጠባውን ያፈሰሰበት ግራፊክስ ካርድ ደካማ ነውና ሸጦ ትልቅ መግዛት ነው። ሁለተኛው፣ ጓደኞቹ ኦቨርክሎክ እንደሚሉት የካርዱን ፍጥነት ከፋብሪካው ልክ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለቱም ችግሩን ያባብሳሉ። እንደ ሪያድ ባለ ሞቃትና አቧራማ ከተማ ከአንድ ካርድ ከፍተኛውን ጥቅም የሚያስገኘው ዋናው ዘዴ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ካርዱ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ መቀነስ ነው።

ጨዋታና ሙቀት በአንድ ከተማ

ሪያድ በአሁኑ ጊዜ ከዓለም የኮምፒዩተር ጨዋታ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የጨዋታና የኢ-ስፖርት ብሔራዊ ስትራቴጂውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም 2022 ይፋ ሲያደርግ፣ ዘርፉ እስከ 2030 ድረስ ለአገሪቱ ኢኮኖሚ 50 ቢሊዮን ሪያል ያህል እንዲያበረክትና ከ39 ሺህ በላይ የሥራ ዕድሎችን እንዲፈጥር ዐቅዷል። ከሐምሌ 3 እስከ ነሐሴ 25 ቀን 2024 በሪያድ የተካሄደው የመጀመሪያው የኢ-ስፖርት ዓለም ዋንጫ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት የቀረበበት ሲሆን፣ የክለቦችን ሻምፒዮና የወሰደው ቲም ፋልኮንስ የተባለው የሳዑዲ ክለብ ነበር።

ውድድሩ የሚካሄደው በዓመቱ እጅግ ሞቃት በሆኑት ሳምንታት መሆኑን ልብ ይሏል። የውድድር አዳራሾች ግን በታላላቅ ማቀዝቀዣዎች ይቀዘቅዛሉ። ውድድሩን አይቶ በዑለያ መንገድ አካባቢ ከሚገኘው የኮምፒዩተር ገበያ ዕቃ ገዝቶ የሚገጣጥመው ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ክፍልና በመስኮት የተገጠመ አንድ ሙከይፍ ብቻ ነው። በአንዳንድ ቤቶች ደግሞ ያንኑ ክፍል ሁለትና ሦስት ሰዎች ይጋሩታል።

ካርዶቹም ከዓመት ወደ ዓመት ኃይል ፈላጊ እየሆኑ መጥተዋል። ኤንቪዲያ በ2016 ያወጣው ጂቲኤክስ 1080 የሚወስደው 180 ዋት ነበር። በ2020 የወጣው አርቲኤክስ 3080 ወደ 320 ዋት አደገ፤ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5080 ደግሞ 360 ዋት ደርሷል። ካርዱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ስለዚህ 360 ዋት የሚወስድ ካርድ በክፍሉ ውስጥ እንደተለኮሰ አነስተኛ ማሞቂያ ሊቆጠር ይችላል።

ቮልቴጅን መቀነስ ለምን ይጠቅማል?

ቺፑ በሥራ ላይ ሲሆን የሚወስደው ኃይል በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በፍጥነቱና በቮልቴጁ። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢያድግ ኃይሉም በእጥፍ ያድጋል። የቮልቴጁ ውጤት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ኃይሉ የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር ነውና። ፍጥነቱን በ5 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁን በ5 በመቶ ከፍ ማድረግ ቢያስፈልግ፣ ኃይሉ በ16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ትርፉ ትንሽ፣ ሙቀቱ ግን ብዙ ነው ማለት ነው።

በአንጻሩ ቺፑ ቀድሞ በ1.05 ቮልት ይሠራ የነበረውን ሥራ በ0.90 ቮልት መሥራት ቢችል፣ ፍጥነቱ ሳይቀየር የቺፑ ኃይል ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ይህ የሚቻለው አምራቾች ቮልቴጁን የሚወስኑት ከፋብሪካው የሚወጣው ደካማው ቺፕ እንኳ ሳይሳሳት እንዲሠራ አድርገው ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ ቺፖች ከዚያ ባነሰ ቮልቴጅ ይበቃቸዋል። ይህ ዘዴ በተጠቃሚዎች ዘንድ አንደርቮልት ይባላል።

ውጤቱን በምሳሌ እንየው። የክፍሉ ሙቀት 30 ዲግሪ ሆኖ 220 ዋት የሚወስድ ካርድ ቺፑ 80 ዲግሪ ይደርሳል እንበል። ቺፑ ከክፍሉ አየር በ50 ዲግሪ በልጧል። ኃይሉ ወደ 170 ዋት ቢወርድ፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ ልዩነቱ ወደ 39 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ቺፑም 69 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆያል።

ይህ ለፍጥነትም ይጠቅማል። የኤንቪዲያ ካርዶች ሙቀት ሲጨምር ፍጥነታቸውን ራሳቸው በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳሉ፤ በብዙዎቹ ላይ 83 ዲግሪ አካባቢ ከተወሰነው ልክ ሲደርሱ ደግሞ ቅነሳው ይበረታል። በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል በሚያድስ ስክሪን ላይ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 7 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ካርዱ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ባደረገ ቁጥር ዓይን መንተፋተፉን ያያል። ቀዝቅዞ የሚሠራ ካርድ ግን ሰዓቱን ሙሉ በአንድ ፍጥነት ይዘልቃል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። ኮምፒዩተሩ በተለመደው ቦታው፣ ሙከይፉም እንደ ወትሮው ሆኖ፣ ከባድ ጨዋታ ለ30 ደቂቃ ይከፈትና የካርዱ ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ዋትና ቮልቴጅ ይመዝገብ። ለዚህም ያለ ክፍያ የሚገኘው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተሰኘው ፕሮግራም ይበቃል፤ የሌሎች ፋብሪካዎችን ካርዶችም ያስተናግዳል። የኤኤምዲ ካርድ ያላቸው ደግሞ አድሬናሊን በተባለው የኩባንያው ፕሮግራም ውስጥ ተመሳሳዩን ማስተካከያ ያገኛሉ።

ቀላሉ መንገድ በፕሮግራሙ ላይ የኃይል ገደብ የሚለውን ከ100 ወደ 80 በመቶ ማውረድ ነው። ብዙ ካርዶች በዚህ ገደብ ከፍጥነታቸው የሚያጡት ጥቂት ብቻ ነው። ለጀማሪ ይህ ብቻ ሊበቃው ይችላል።

የተሻለ ውጤት የሚፈልግ በኤንቪዲያ ካርድ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ የቮልቴጅና የፍጥነት መስመሩን ይክፈት። በመጀመሪያ መስመሩ በሙሉ ከታሰበው ፍጥነት በታች ይውረድ። ቀጥሎ በ950 ሚሊቮልት ላይ ያለችው ነጥብ በልኬቱ ወቅት ወደ ተመዘገበው ፍጥነት ከፍ ትበልና ለውጡ ይጽደቅ። ከዚያ ነጥብ በኋላ ያለው መስመር ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ካርዱም ከዚያ በላይ ቮልቴጅ አይወስድም። ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይሳሳት ከሠራ ወደ 925፣ ከዚያም ወደ 900 መውረድ ይቻላል።

ጨዋታው በድንገት ቢዘጋ፣ ስክሪኑ ቢጠቁር ወይም በምስሉ ላይ እንግዳ ነጠብጣቦች ቢታዩ፣ ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ወርዷል ማለት ነውና አንድ ደረጃ መመለስ ይገባል። ቮልቴጅ መቀነስ ካርዱን አያቃጥልም፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ካርዱ ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለሳል። በዚህም ምክንያት ለጥቂት ቀናት ሳይፈተን ማስተካከያው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሣ ማዘዝ አይመከርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የጓደኛን ቁጥር ቀድቶ መጠቀምም አያዋጣም፤ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ቺፖች እንኳ አቅማቸው ይለያያል።

አቧራው

ይህ ሁሉ የሚሠራው አየር እስካለ ድረስ ነው። መጋቢት 10 ቀን 2009 ሪያድን የመታው የአቧራ ማዕበል የከተማዋን አውሮፕላን ማረፊያ እስከማስተጓጎል ደርሶ ነበር። ያን ያህል ባይከፋም በየዓመቱ በጸደይ ወራት አቧራው በመስኮት ክፍተት ገብቶ በካርዱ የማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ይጋገራል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ መሬት ላይ ባይቀመጥ፣ አየር በሚያስገቡት ማራገቢያዎች ላይ ወንፊት ቢኖር፣ አስገቢዎቹም ከአስወጪዎቹ ቢበዙ ይመረጣል። በአቧራ ወራት በየወሩ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ከቤት ውጭ በአየር ግፊት ይጽዳ፤ በዚያን ጊዜ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ አለበት።

ትርፉ የት ላይ ነው?

በኤሌክትሪክ ሂሳብ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል ማለት እውነት አይሆንም። በሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በወር እስከ 6 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 18 ሃላላ ነው። ካርዱ በ50 ዋት ቢቀንስና በቀን ለ5 ሰዓት ቢሠራ፣ በወር የሚተርፈው 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህም ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር 1 ሪያል ከ35 ሃላላ፣ የአንድ ኩባያ ሻይ ዋጋ ያህል ነው።

እውነተኛው ትርፍ በሌላ በኩል ነው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ሙከይፉ የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ ከጎን ለሚተኛው የክፍል ጓደኛ የማራገቢያው ጩኸት ይበርዳል። ከሁሉ በላይ በወራት ቁጠባ የተገዛ ዕቃ ረዘም ያለ ዕድሜ ያገኛል። ይህ በጨዋታ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በዚያው ካርድ ቪዲዮ ማቀናበርን ወይም የሦስት አውታር ሥዕልን ተምሮ ሌላ ሙያ ለመጨበጥ ለሚጥር ወጣት ካርዱ የእንጀራው መሣሪያ ነው።

ወደ አገር ቤት የሚመለሱም ልኬቱን እንደገና መጀመር አለባቸው። ሪያድ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ በመሆኑ፣ አንድ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ደግሞ ኃይል የሚያጠራቅም ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ 170 ዋት የሚወስድ ካርድም በዩፒኤሱ ባትሪ ላይ 220 ዋት ከሚወስደው የበለጠ ደቂቃ ይቆያል። በሪያድ ሙቀት ምክንያት የተማሩት ቁጠባ እዚያም ያገለግላቸዋል።